የኦቦ ጋሩማ ግማሽ ሰዓት

ነቀምቴ ውስጥ ቃር የማያውቀው ሰው ይገኝ ይሆናል፤ ስለ ቃር የሚመክረው ጎረቤት የሌለው ሰው ግን አይገኝም። ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ ቤት ይሠራል፣ ከዚያ መብራት ይገባል፣ ከዚያ የጨጓራ አዋቂው ይመጣል። የቧንቧ ውሃ ከእሱ በኋላ ነው፣ ያውም ከመጣ። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም። ሐኪም ቢሆንማ በተገላገልነው! ሐኪም ተራ አስይዞ፣ አይቶ፣ መድኃኒት ጽፎ ያሰናብታል። የጨጓራ አዋቂ ግን ማሰናበት የሚባል ነገር አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሆነ ባጃጅ ውስጥ፣ ክንድህን ጨብጦ ፊቱን አስጠግቶ «ሲያገሳህ ይኮመጥጥሃል ወይስ ይመርሃል?» ይልሃል።

በከተማዋ ጨለለቂ ሰፈር ይህን ከፍተኛ መንበር የያዙት ክቡር ኦቦ ጋሩማ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዞሩ ኖረው፣ ደረቅ ዳቦ በሚያቃጥል የቃሪያ ቆጭቆጫ እያጣቀሱ በልተው፣ ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት፣ ከቆጭቆጫው ደግሞ ቃር ተሸልመው ተመለሱ። እንደ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ኦሜፕራዞል ታዘዘላቸው፣ የሚበሉትን አስተካከሉ፣ ተሻላቸው። መሻል ብቻ ቢሆን ማን ይጠላል! እሳቸው ግን አገሩ ሁሉ አብሯቸው ካልተሻለው ዕረፍት የላቸውም።

መከራው የወደቀው አጥር በሚጋራቸው በይስማው ላይ ነው። ይስማው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ጎልምሷል። ሲፈጥረው ስጉ ነው። ደመና ሲያይ ጎርፍ፣ ፀሐይ ሲያይ ድርቅ ይታየዋል። ደረቱን ማቃጠል የጀመረው ጊዜ «ልቤ ነው፣ አለቀልኝ» ብሎ ኑዛዜ እስከማሰብ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ልቡን መርምሮ፣ ልብህ ደህና ነው፣ አሲድ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል አዘዘለት። ይስማው ደግሞ ኪኒኑን ከእራት በኋላ በቡና ያወራርደው ጀመር። ኦቦ ጋሩማ ይህን በአጥር ቀዳዳ የሰሙ ቀን፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«በቡና? ይስማው፣ በቡና?! እሳት በጋዝ ታጠፋለህ እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ የቆርቆሮው አጥር በማንኪያ ይንኳኳል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ይስማው! ዋጥክ?»

«ዋጥኩ፣ ኦቦ ጋሩማ።»

«እህል ነክተሃል?»

«አልነካሁም።»

«ግማሽ ሰዓት! ባዩሽ፣ ፍርፍሩን ያዢው!»

ባዩሽ፣ የይስማው ሚስት፣ ፍርፍሩን ይዛ ትቆማለች። ኦቦ ጋሩማ ያችን የተሸለሟትን ሰዓት አይተው፣ ጊዜው ሲሞላ እንደገና ያንኳኩና «ተፈቅዷል፣ ብላ!» ይላሉ። ይስማው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ደሞዙ የሸመተውን ጤፍ በጎረቤት ፈቃድ መብላት ከጀመረ ቆየ። የሚያናድደው ደግሞ ቃሩ በእርግጥ መቀነሱ ነው። ሰውዬው ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እንዴት ባማረበት!

በኪኒን ብቻ ቢበቃ ጥሩ ነበር። «ኪኒን ብቻዋን ምን ታድርግ፣ አጋዥ ትፈልጋለች!» ይላሉ ኦቦ ጋሩማ። አንድ ቀን አጋዡን በብብታቸው ይዘው መጡ፤ ሁለት ብሎኬት ነው። ጥያቄ የለ፣ ፈቃድ የለ፣ የአልጋውን ራስጌ አነሡና ከእግሮቹ ሥር ሸጎጡበት። «ራስጌ ከፍ ሲል አሲዱ ወደ ላይ መውጣት ይደክመዋል» አሉ። አሲዱስ ደከመው መሰለኝ፤ ባዩሽ ግን ሲነጋ ከነብርድ ልብሷ ግርጌ ተከማችታ ተገኘች። «ይኼ አልጋ ነው የዴዴሳ ቁልቁለት?» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች።

ለቅሶ ቤት ገብተው «በባዶ ሆድ ማልቀስ አሲድ ያመጣል፤ መጀመሪያ ትንሽ ቅመሱ» ብለው አልቃሾችን በመሃል ያስቆሙ እሳቸው ናቸው። ፓስተሩ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል ብድግ ብለው «የጨጓራ በራቸው ለላላባቸው ወገኖች» ያሉም እሳቸው ናቸው፤ ከኋላ ብዙ ሰው ከልቡ «አሜን» አለ። ሲሬ ላይ አውቶቡስ ቆሞ አንድ መንገደኛ በመስኮት የገዛትን በዘይት የራሰች ሳምቡሳ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁን አየር ላይ የያዙትም እሳቸው ናቸው። «ለወገብ ሕመም ብለህ የምትውጠው፣ ጨጓራ የሚልጥ ኪኒንስ አለ? ሐኪሙ ያውቃል?» እያሉ እስከ ባኮ ድረስ ጠየቁት። ሳምቡሳዋ ቀዘቀዘች። ሰውዬው ግን ሲወርድ ስልካቸውን ተቀብሎ ወረደ።

እንግዲህ የይስማውን እውነተኛ ጭንቀት እናምጣው። ይስማው ወንድሙ ሲሞት የወንድሙን ልጅ ሮቤራን አሳድጓል። ሮቤራ ኮሌጅ አብራው የተማረችውን ሊሊሴን ሊያገባ ቆርጧል፤ እሷም እሱን። አባቷ የአርጆው ኦቦ ባቻ ናቸው። ሽማግሌ ተላከ። ኦቦ ባቻ በክብር ተቀብለው፣ በክብር አዳምጠው «እናስብበት» አሉ። ይሁን፣ ወግ ነው። ሁለተኛ ተላከ። አሁንም «እናስብበት»። ሊሊሴ ስልክ ላይ ታለቅሳለች፣ ሮቤራ ምግብ ይገፋል፣ ይስማው ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ለሦስተኛ ጊዜ እናስብበት ካሉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ ሌላ ሽማግሌ የሚልክ ሰው አይከበርም።

«ዘራችንን ጠልተው ነው» ይላል ለባዩሽ። «ወይ አባት የሌለው ልጅ ነው ብለው ነው። ወይ እኔን ንቀው ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

«ወይ ደግሞ እያሰቡበት ነው» ትላለች ባዩሽ።

«ይኼን ያህል ምን ያስባሉ? ሮኬት ሊያስወነጭፉ ነው?»

ለሦስተኛው ጉዞ አንደበት ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር። አንደበት ከተባለ ደግሞ በጨለለቂ ከኦቦ ጋሩማ ወዲያ የለም። በኦሮምኛ ንግግር ሲጀምሩ የተጣላ ባልና ሚስት ተቃቅፎ ይወጣል። ይስማው ግን ይህን ባሰበ ቁጥር ደረቱ ይነድዳል፤ ምክንያቱም የኦቦ ባቻን ቤት ወግ ሰምቷል። በዚያ ቤት ልጅ ሲፈቀድ፣ በቅቤና በአይብ የራሰው ወፍራም ቂጣ፣ ጩምቦ፣ ይቆረሳል፤ አባትየውና የሽማግሌዎቹ አለቃ ቁራሹን ቆጭቆጫ አስነክተው ይጎራረሳሉ። እሺታው የሚታሰረው በዚያ ጉርሻ ነው። ኦቦ ጋሩማ ደግሞ ቅቤና ቆጭቆጫ ካዩ በሌላ በር የሚወጡ ሰው ናቸው።

«ለአንድ ቀን ብቻ፣ ኦቦ ጋሩማ» ብሎ ለመናቸው። «አንዲት ጉርሻ።»

«አሲድ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አያውቅም!»

«ለሮቤራ ሲሉ።»

ኦቦ ጋሩማ ሆዳቸውን ደባበሱ። ሮቤራን ከነንፍጡ ያውቁታል። «እናያለን» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ፣ ቢያንስ ፔርሙዙን ይተዉት።»

ፔርሙዙ ቢጫ ነው፤ ሚስታቸው አዴ ድርቤ የአጃ አጥሚት ሞልታ የምትሰጣቸው፣ ከእሳቸው ተለይቶ የማያውቅ። ሰው ልጅ ሊጠይቅ የራሱን ምግብ ይዞ ይሄዳል? ይህስ ስድብ አይደል? ኦቦ ጋሩማ «እሺ፣ እሺ» አሉ። በጉዞው ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ሲቀመጡ ከጋቢያቸው ሥር ቢጫ ክዳን ብቅ አለ። ይስማው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አርጆ ድረስ ቃሩን ዋጠ።

ኦቦ ባቻ ረጅም ሰው ናቸው፤ የለበሱት ኮት ግን የሌላ ሰው ይመስል ይሰፋቸዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ጋሩማ፣ ይስማውና አንድ የሰፈር አዛውንት፣ ወጉ እንደሚያዘው መጀመሪያ ቆመው ተለምነው ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ጩምቦውን አምጥታ መሃል ላይ አኖረችው። ቅቤው ያብለጨልጫል፤ ቆጭቆጫው ከጎኑ በትንሽ ሳህን አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል። መልስ ሳይሰጥ ግን ማንም አይነካውም።

ኦቦ ጋሩማ ተናገሩ። ምን ልበላችሁ! ስለ ሮቤራ አስተዳደግ፣ ስለ ይስማው ልፋት፣ ሁለት ቤት አንድ ሲሆን ስለሚመጣው በረከት ሲናገሩ የቤቱ እመቤት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ይስማው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረገ። ኦቦ ባቻ ከጎናቸው ካለው ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ተጎነጩ፤ ጩምቦውን አዩት፤ ቶሎ ብለው ፊታቸውን መለሱ።

«ቃላችሁ ጥሩ ነው። ልጁም ጥሩ ነው ይሉኛል። እስቲ... እናስብበት።»

ይስማው ወደ በሩ አየ። አለቀ። ለሮቤራ ምን ብሎ ይነግረዋል? ጋቢውን ሰብስቦ ሊነሳ ሲል ኦቦ ጋሩማ ንቅንቅ አላሉም። ኦቦ ባቻን ትክ ብለው ያዩአቸዋል፤ ብርጭቆውን፣ ደረታቸው ላይ የማይጠፋውን እጅ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳችውን አዲስ ቀዳዳ።

«ኦቦ ባቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

አይ! አለ ይስማው በልቡ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አይደለም፣ እዚህ አይደለም።

«ሲያገሳዎት ይኮመጥጥዎታል ወይስ ይመርዎታል?»

ሦስተኛው ሽማግሌ መሬት መሬት ያያል። ይስማው ሊሊሴን ብቻ ሳይሆን አርጆን በሙሉ ያጡ መሰለው፤ በዚህ መንገድ ዳግም ማለፍም የሚቻል አልመስል አለው።

«ይኮመጥጠኛል» አሉ ኦቦ ባቻ።

«ሲተኙ ይብሳል?»

«ተቀምጬ ነው የማድረው።»

«እህልስ? ሲወርድ ይይዝዎታል?»

የመለሰችው የኦቦ ባቻ ሚስት ናት። «ዳቦ በውሃ ካልተገፋ አይወርድለትም። እንጀራ ትቷል። ሥጋማ የት አባቱ! ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት፣ እንቢ አለ።»

ይስማው ያን ጊዜ ያየውን አይረሳም። የኦቦ ጋሩማ ፊት ተለወጠ። ያ ሁልጊዜ ምክር ለመስጠት የሚጣደፈው አፍ ተዘጋ። ሰውዬው ፈሩ።

ኦቦ ባቻ ኮታቸውን ሰበሰቡ። «አባቴ እንዲህ ነው የጀመረው» አሉ ቀስ ብለው። «ጉሮሮ ይይዘኛል አለ፣ ከዚያ ከሳ፣ ከዚያ ሞተ። ልጃችሁን ጠልቼ አይደለም። እሺ ካልኩ ይኼን ጩምቦ መጉረስ አለብኝ፤ እናንተው ፊት ብታነቅስ? ባልታነቅስ? ቀን ቆርጬ፣ ድንኳን ተክዬ፣ የልጄን ሠርግ ለቅሶ ባደርግባትስ?»

ይስማው አንገቱን ደፋ። ስንት ሌሊት ሙሉ ይኼን ሰው በልቡ ሲረግም አድሯል! ዘር ሲቆጥር፣ ንቀት ሲፈልግ፤ ለካ ሰውዬው እንደ እሱ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ ብለው ነበር የሚያድሩት። አዘነ፤ እፎይም አለ፤ እፎይ በማለቱም አፈረ።

«ስሙኝ» አሉ ኦቦ ጋሩማ። «ተራ ቃር ቢሆን ራስጌዎትን ከፍ ያድርጉ፣ ማታ በጊዜ ይብሉ እያልኩ እስከ ነገ አወራዎት ነበር። ጉሮሮ ሲይዝና ሰው ሲከሳ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ሐኪም በቱቦ ውስጡን ማየት አለበት። ክፉም ሊሆን ይችላል፣ ክፉም ላይሆን ይችላል። ነቀምቴ አብረን እንሄዳለን። እኔ ከጎንዎ አልርቅም።»

ኦቦ ባቻ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «መልሱን ከውጤቱ በኋላ እሰጣለሁ» አሉ።

«ይሁን» አሉ ኦቦ ጋሩማ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር ያን ቢጫ ጉድ አወጡ። አጥሚቱን በክዳኑ ቀድተው ለኦቦ ባቻ ሰጡ፤ ቀጥሎ እሳቸው ጠጡ። ኦቦ ባቻ ሁለት ክዳን ጠጡ። ሚስታቸው ሲወርድላቸው አይታ ፊቷን አዞረች። ጩምቦው ግን መልስ ስላልተሰጠ ሳይቆረስ ቀረ፤ ይስማውና ሦስተኛው ሽማግሌ በአርጆ ምርጥ ጩምቦ ፊት ጦማቸውን ውለው ተመለሱ።

ምርመራው ተደረገ። ኦቦ ጋሩማ ከበር ሳይርቁ የኦቦ ባቻን ጫማ ታቅፈው ጠበቁ። ሐኪሙ፣ አሲድ ለዓመታት እየወጣ ጉሮሯቸውን አቁስሎ አጥብቦታል አለ። ከቁስሉ ናሙና ወስዷል፤ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ እስኪታወቅ ምንም አይባልም። እስከዚያ ኪኒን፣ ለስላሳ ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ።

መጠበቅ መጣ። ይስማው መጠበቅ አይችልም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረቱ ይነድዳል፤ ሮቤራ እየመጣ «ተደወለ?» ይላል፤ ባዩሽ «ተዉት፣ ይደወላል» እያለች እሷም ስልኳን ከእጇ አትለይም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። አጥሩ ዝም አለ።

መጀመሪያ ይስማው ደስ አለው። እንደፈለገው ተነሥቶ፣ እንደፈለገው ሊበላ ነው። በማግስቱ ግን ኪኒኑን በእጁ ይዞ ጆሮውን ወደ ቆርቆሮው አዘነበለ። ምንም የለም። ባዩሽ ፍርፍሩን ይዛ በልማዷ ቆማለች።

«ዛሬም የሉም?» አለች።

«የሉም።»

አዴ ድርቤን ጠየቀቻት። አዴ ድርቤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «የራሱንም ኪኒን ትቷል» አለቻት። «'ሰውዬውን እኔ ነኝ ያስመረመርኩት። ክፉ ከተባለ ሁለቱን ልጆች የለያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ቁጭ ብል ምን ነበረበት?' ይላል። ሌላ ወሬ የለውም።»

ይስማው ይህን ሰምቶ ሊያጽናናቸው ብዙ ጊዜ እስከ በሩ ደረሰ፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት ተመለሰ። እሱ ራሱ የሚያጽናናው የሚፈልግ ሰው፣ ምን ብሎ ያጽናና?

አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ኦቦ ባቻ ናቸው። ይስማው ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ባቻ» አለ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ዋጥክ?»

ይስማው የሰማውን አላመነም። አንቱታቸውን የት ጣሉት? «ምን አሉኝ?»

«ኪኒንህን ነዋ! ኦቦ ጋሩማ ነግረውኛል። ዋጥክ ወይ?»

«ገና... ገና ነኝ።»

«እንዴት ገና! ሐኪሙ ትናንት ማታ ደውሎ፣ ክፉ ነገር የለም፣ ቁስል ነው፣ የጠበበውን እናሰፋዋለን፣ ኪኒንህን በሰዓቱ ዋጥ ብሎኛል። እኔ እዚህ በሰዓቱ እየዋጥኩ አማቼ እዚያ እያዛባ ከታመመ፣ ሠርጉ ላይ ከጎኔ ማን ሊቆም ነው?»

አማቼ! ይስማው ስልኩን ይዞ ቀረ። ባዩሽ ከፊቱ አንብባ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት። ማንኪያ ከጠረጴዛው አነሣና ወደ አጥሩ ሄደ፤ ቆርቆሮውን አንኳኳ።

«ኦቦ ጋሩማ! ዋጡ?»

ብዙ ቆይቶ የሚጎተት ኮቴ ተሰማ።

«አልዋጥኩም» አሉ ከወዲያ። «ምን ሰማህ?»

«መጀመሪያ ይዋጡ።»

«ይስማው፣ በጌታ! ምን ሰማህ?»

«ይዋጡና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

ከቆርቆሮው ወዲያ የኪኒን ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣ ውሃ ተቀዳ። «ዋጥኩ» አሉ ኦቦ ጋሩማ፣ እንደ ልጅ ታዘው።

ይስማው ግማሽ ሰዓቱን ሊያስጠብቃቸው ከልቡ አስቦ ነበር። ስንት ማለዳ አስጠብቀውት የለ! ግን ማን አንጀቱ ይችላል? ባዩሽ ከአልጋው ሥር አውጥታ የጣለችውን ብሎኬት ከአጥሩ ሥር አቁሞ ወጣበትና አንገቱን ወደ ግቢያቸው አሰገገ። ኦቦ ጋሩማ ብርጭቆውን እንደያዙ ሽቅብ ያዩታል፤ ከስተዋል።

«ደህና ናቸው! ክፉ ነገር የለም! ልጅቱንም ሰጡን፣ አማቼ አሉኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እንዳታለቅስ» አሉ ኦቦ ጋሩማ፣ እሳቸው እያለቀሱ። «በባዶ ሆድ ማልቀስ አሲድ ያመጣል።»